ከዝርዝሩ የሰረዝኩት ብረት

ቡራዩ ከተከራየሁት ቤት ጎን ሰዎች አዲስ ቤት እየሠሩ ነው። ጠዋት መስኮት ስከፍት የረጠበ ሲሚንቶ ሽታ ይገባል። ሌላውን ሰው ምን እንደሚያስታውሰው አላውቅም። እኔን ግን አሥረኛ ክፍል እያለሁ፣ ሰበታ ያለው ግቢያችን ውስጥ ሻወር ቤት ወዳሠራንበት መስከረም ይወስደኛል። ይኸው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ያኔ የምንታጠበው ጓሮ፣ በአራት አጣና ላይ በተመታ አሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። ፀሐይ በምስማር ቀዳዳዎቹ እየገባች ገላችን ላይ ነጠብጣብ ትሠራለች። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ቆማ መታጠብ አትችልም። የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ትቀመጥና ስትነሣ አጣናውን ትይዛለች፤ ሲንቋቋ ቤት ድረስ ይሰማል።

አባቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። እቁቡ የወጣለት ሰሞን፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጠን በጀት አወጣን። የእጅ ጽሑፌን ስለሚወደው ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። ብሎኬት፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ቧንቧ፣ በር፣ የግንበኛ ዋጋ። መጨረሻ ላይ "የእናትሽን እንዳትረሺ" አለኝ። ከግድግዳው ጋር የሚሠራ መቀመጫና የሚያዝ ብረት ማለቱ ነው። ወለሉም እንዳያንሸራትት ሻካራ የሲሚንቶ ሊሾ እንዲሆን ተስማማን። ስንደምረው ገንዘቡ ለጥቂት በቃ፤ አባቴም ደስ ብሎት እጁን አፋተገ።

የእኔ ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። ወላጆቿ ከአዲስ አበባ መጥተው አዲስ ቤት የገቡ አንዲት የክፍል ጓደኛ ነበረችኝ። እነሱ ቤት ከላይ እስከ ታች ነጭ ሴራሚክ የለበሰ ሻወር አይቻለሁ። በቅርቡ ለፈተና ልናጠና እኛ ቤት ልትመጣ ነው። ምን ትለኝ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ነው የከረምኩት።

በማግሥቱ አባቴን "ሴራሚክ ብናደርገውስ?" አልኩት።

"ከየት አምጥተን?"

"እማዬ ብረቱም መቀመጫውም ይቅር ብላለች። እንደ በሽተኛ አታድርጉኝ አለች።"

እናቴ እንዲህ አላለችም። አባቴ ግን ኩሩ መሆኗን ስለሚያውቅ አመነኝ። ሁለቱን መስመሮች በገዛ እስክሪብቶዬ ሰረዝኳቸው።

ግንበኛው ከመናገሻ የሚመጡ ሽማግሌ ነበሩ። አባቴ ሥራ ከመሄዱ በፊት "አካም ቡልተን፣ ኦቦ" ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ እያለ ይቀበላቸዋል። የገዛነውን ሴራሚክ በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉና፣ "ይሄ የግድግዳ ነው፤ ወለል ላይ ያንሸራትታል። ለእናትሽ የተባለው ብረትስ የታለ?" አሉኝ።

"ቀርቷል አባባ። እናቴ ናት የተወችው" አልኳቸው።

እናቴ ማጀት ስለነበረች አልሰማችም። ሥራው አልቆ፣ ወለሉም ጭምር በዚያው ሴራሚክ ለብሶ ስታየው ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰች፣ የሆነ ነገር እንደምትፈልግ ሰው። ከዚያ "ያምራል" ብቻ አለች። አባቴ ገንዘብ አጥሮት የተወው መስሏት ልታሳፍረው አልፈለገችም።

ጓደኛዬ መጣች። ግቢው ቧንቧ ላይ እጇን ታጠበች፣ አጠናን፣ ሄደች። ሻወር ቤቱን ዞር ብላም አላየችው።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ ወደቀች። ስደርስ ውሃው ገና ይወርዳል፤ እሷ በጎኗ ተኝታ የምትይዘው ነገር ፍለጋ ነጩን ግድግዳ በጥፍሯ ትቧጥጣለች። ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር። ሆስፒታል፣ አባቴ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ፣ "ምናለ ያን ብረት እምቢ ባትዪ ኖሮ" አላት።

መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን አየች። እኔ ጫማዬን ነበር የማየው። "እውነትህን ነው፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አለችው።

አባቴ ይህንኑ እንዳመነ ሞተ።

ባለፈው ቅዳሜ ሰበታ ሄጄ ውሃ አሞቅኩላት። ያለ ሰው እርዳታ መታጠብ ካቆመች ቆይታለች። ወንበር ላይ አስቀምጫት ጀርባዋን እያጠብኩ፣ "እማዬ፣ ያኔ ለአባዬ የነገርኩት..." ብዬ ጀመርኩ።

"ውሃው ይቀዘቅዛል፤ እጠቢኝ" አለችኝ።

ማጠቤን ቀጠልኩ። ሳላውቀው አጥብቄ እያሸኋት ኖሮ፣ "ቀስ፣ የኔ ልጅ" አለች።