በጓሯችን የነበረችው የዌልስ መንደር

በዚያ ማለዳ ጓሮው ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ የቤቱ ባለቤት፣ በአንዲት ትንሽ የዌልስ መንደር ተወልደው በወጣትነታቸው ከባላቸው ጋር ወደ ጆሃንስበርግ የመጡ ባልቴት፤ ፎርድስበርግ ሰፈር ብርድ ልብስ የሚነግደው ተከራይ፣ የስልጤው ሰው፤ ቶኮዛ ሰፈር የነበራት፣ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ በወረርሽኙ ምክንያት ሲዘጋ የኋላውን ክፍል የተከራየችው የሆሳዕና ሴት፤ ሌላው ተከራይ እኔ፤ እንዲሁም የባለቤቲቱ አሮጌ ውሻ። ውሻውን የቆጠርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሁላችን ቀድሞ የተገኘው እሱ ነበር።

እኔ አገር ቤት የታሪክ መምህር ነበርኩ። እዚህ ከገባሁ ወዲህ ግን ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ምክንያቱን ጠይቀውኝ ለነበሩት አልመለስኩላቸውም፤ አሁንም ባልፈው እመርጣለሁ።

ባለቤቲቱ በየዓመቱ ታላቅ እህታቸውን ለማየት ወደ መንደራቸው ይሄዱ ነበር። በረራ በተቋረጠ ጊዜ አንድ እሑድ ከፈረሰው የጓሮ አጥር የተረፉትን ጡቦች እየጎተቱ ሲደረድሩ አገኘናቸውና ምን እንደሚሠሩ ጠየቅናቸው። «ዘንድሮ መሄድ ካልቻልኩ፣ እሷ ትምጣ» አሉ። እሷ ያሉት መንደሪቱን ነው። እኛም ጡብ ማቀበል ጀመርን። የአትክልት ማጠጫው ጎማ ወንዝ ሆነ፤ በላዩ የተጋደመው ሳንቃ የድንጋይ ድልድይ። የሎሚው ዛፍ፣ ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን በዕድሜ ይበልጣል የሚባለውን ባለ ቀዳዳ ዛፍ ተካ። የከሰል ክምሩ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚሰነጠቀው የጣሪያ ድንጋይ የሚወጣበት ተራራ ነበር። ጣሪያ የሌለውን የጥንት ግንብ ከአራት ጡብ ሠራነው፤ ውሻው በዚያው ቀን ገብቶ ተኛበት።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ክንድ ያህል ተራርቀን፣ አፋችንን ሸፍነን፣ እየተመራን እንጎበኝ ነበር። የድሮ ከብት ነጂዎች መንጋቸውን በዚያ ድልድይ አሻግረው ወደ እንግሊዝ ገበያ ሲነዱ ለበሬዎቹ የብረት ጫማ ያደርጉላቸው እንደነበር ነገሩን። ዝይዎቹን ደግሞ መጀመሪያ ሬንጅ፣ ቀጥሎ አሸዋ ያስረግጧቸዋል፤ የደረቀው ሬንጅ ጫማቸው ነው።

«ይሄን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ብርድ ልብሱን ትቼ የዝይ ጫማ አስመጣ ነበር» አለ ነጋዴው።

«አንተ ደግሞ ለዝይም ቢሆን ዋጋ አትቀንስም» አለችው የሆሳዕናዋ ሴት።

እሷን የሳበቻት ከመንደሪቱ ጫፍ በጡብ ያቆምናት ባለ ሁለት መስኮት ቤተ ጸሎት ነበረች። ቤተ ክርስቲያኑ የባለመሬቱ፣ ቤተ ጸሎቷ ግን ድንጋይ ፈላጮቹ ከሥራ መልስ በገዛ እጃቸው ያቆሟት መሆኗን ስትሰማ፣ «ጎጎ፣ የእኛም እንደዚሁ ናት፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ቆርቆሮዋ ሰባኪውን ያሸንፈዋል» አለቻቸው። ጎጎ የቶኮዛ ደንበኞቿ አሮጊትን የሚጠሩበት ቃል ነው፤ ባለቤቲቱም ወደውታል።

አንድ ምሽት የእህታቸው ልጅ ከዌልስ በእኔ ስልክ ደወለች። የባለቤቲቱ ጆሮ ስልክ መስማት እያስቸገረው ስለነበር የእኔን ቁጥር ሰጥተዋት ነበር። እናቷ አርፋለች። ልጅቱ ለአክስቷ ለመናገር አቅም አጥታ ቀናት አሳልፋለች፤ ቀብሩ ነገ ከቀትር በኋላ ነው። እባክህ አንተ ንገርልኝ አለችኝ።

ኩሽና ውስጥ ሦስታችን ተማከርን።

«በማታማ አይነገርም» አለ ነጋዴው።

«ብቻቸውን ሆነውም አይነገርም» አለች ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ። «ሲነጋ አንድ ላይ እንቁም። ጋሼ፣ እርስዎ ይጀምሩ፤ በዕድሜ ይበልጣሉ።»

በነጋዴውም በሴትዮዋም አገር መርዶ የሚነገረው እንደዚያ ነው፤ በእኔም አገር።

እንግዲህ ጎህ ሲቀድ ጋቢና ብርድ ልብስ ደርበን ከመንደሪቱ ዳር ተሰለፍን። ውሻው ቀድሞን ግንቡ ውስጥ ነበር። ባለቤቲቱ በሌሊት ልብሳቸው ወጥተው አዩን።

«ምነው? ቤቱን ልትለቁ ነው?»

እኔም እንደ ወጉ ከሩቅ ጀመርኩ። እህታቸው ትንሽ አሟቸው እንደነበር፣ ሕመሙም እንደጠናባቸው ነገርኳቸው። በእኛ ዘንድ ይህን ያህል የሰማ ሰው ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል። እሳቸው ግን የባሰ ፈርተው ኖሮ ፊታቸው በራ።

«ታማለች? ታዲያ ምን ቆማችኋል? አሁኑኑ እንደውልላት!» ብለው ስልክ ፍለጋ ወደ ቤት ዞሩ።

ያለሰለስኩት መንገድ ወደ ተስፋ ወስዷቸዋል። የሆሳዕናዋ ሴት ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች፤ መራራቁን ረሳችው።

«ጎጎ፣ ስልኩን ይተዉት» አለች በዝግታ። «ይተዉት።»

ያን ጊዜ ገባቸው። ደረጃው ላይ ተቀመጡ። የጠየቁት፣ እንዴት ሞተች ብለው አልነበረም።

«ማን ይሸከማታል?»

በመንደራቸው አስከሬን ከቤት እስከ ቤተ ጸሎት በትከሻ ይሄዳል። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ተሸካሚዎች ይለዋወጣሉ፤ አንድ ሰውም ስለ ሟች ጥቂት ይናገራል። እናታቸውም አባታቸውም እንደዚያ ሄደዋል። አሁን ግን በበሽታው ምክንያት ትከሻ ተከልክሎ፣ መኪና በቀጥታ ሊያደርሳት ነው። «ድልድዩ ላይ ሳትቆም ታልፋለች» አሉ። ያላስቻላቸው ይኸው ነበር።

ነጋዴው ወደ ጡቦቹ ጠቆመ። «መንገዱ እኮ እዚህ አለ» አለ።

«ልብሷ ይኖር ይሆን?» ስትል ሴትዮዋ ጠየቀች። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ የሟች ልብስ ይያዛልና። ባለቤቲቱ ገብተው፣ እህታቸው ሊጠይቋቸው በመጡ ጊዜ ረስተውት የሄዱትን ግራጫ ሹራብ ይዘው ወጡ። የቀን ልብሳቸውንም ለብሰው ነበር።

በቀብሩ ሰዓት የእህታቸው የእርሻ ቤት ካልነው ከውኃ ቧንቧው አጠገብ ተነሣን። ሹራቡን ሴትዮዋ በሁለት እጇ ይዛ ፊት ሆነች። ባለቤቲቱ ከኋላዋ እየተከተሉ ያለፍንበትን ሁሉ በየስሙ ይጠሩ ነበር፤ ይህ የጎረቤት መስክ፣ ይህ ምንጭ፣ ይህ ከብት ነጂዎቹ የሚያድሩበት ቤት። ሳንቃው ጋ ቆምን። ነጋዴው ሹራቡን ተቀበለ፤ በትከሻውም አኖረው።

«ፕሮፌሰር፣» አሉኝ ባለቤቲቱ፣ «እዚህ ጋ የሚናገር ያስፈልጋል።»

ፕሮፌሰር ሆኜ አላውቅም፤ የሚያሾፉብኝ በዚያ ስም ነበር። በዚያች ቀን ግን አላሾፉም።

ተናገርኩ። ስለ ድልድዩ፣ ጫማ ስላደረጉት በሬዎች፣ ማታ ማታ ስለተሠራችው ቤተ ጸሎት፤ እሳቸው ያስተማሩኝን ሁሉ መልሼ ነገርኳቸው። ከዚያም፣ ታናሽ እህቷ ባሕር ተሻግራ ስትሄድ እሷ ቤቱን ጠብቃ እንደቀረች፣ ለመጣ ሁሉ በሩን እንደከፈተች ተናገርኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጠንካራ ነበር። ስጨርስ ባለቤቲቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተማሪ በትክክል ሲመልስ እኔ እንደማደርገው።

ቤተ ጸሎቷ ጋ ስንደርስ ውሻው ተከትሎን ገብቶ ተጋደመባት።

«የሱ ቦታ ግንቡ ነው፤ ዛሬ ደግሞ አማኝ ሆነ» አለ ነጋዴው ውሻው እንዳይነካው ወደ ኋላ እያለ። ባለቤቲቱ ሳቁ፤ ሳቁም ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ ሴትዮዋም ሹራቡን ከነጋዴው ትከሻ ወስዳ አለበሰቻቸው።

አመሻሽ ላይ የእህት ልጅ ደወለች። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው።

«መኪናው ድልድዩ ላይ ቆመ?» ብለው ጠየቋት።

«አልቆመም፣ አክስቴ።»

«ግድ የለም፤ እኛ ቆመናል።»

ነጋዴው ሱቁን ሊያይ፣ ሴትዮዋም የተዘጋ ሱቋን ለማየት ቶኮዛ የሚወስዳትን ታክሲ ልትይዝ አስበው ነበር። ማንም አልተነሣም። በየተቀመጥንበት ጡብ ላይ እንዳለን የሰዓት እላፊው ገባ። የቀረነውን ቆጠርኩ፤ ውሻውን ጨምሮ አምስት ነበርን።