ቦርዱ የጠጣው አረቄ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ መጀመሪያ ሬዲዮ፣ ቀጥሎ የሆቴሎችን ዲሽ፣ በመጨረሻም ላፕቶፕ መጠገን በራሴ የተማርኩ፣ ላሊበላ ውስጥ ከመኖሪያ ቤቴ ጋር የተያያዘች ሱቅ ያለችኝ ሰው። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ የቄስ ልጅ ናት፣ ይህንንም ራሷ አትረሳም፣ ሌላውም እንዲረሳው አትፈቅድም። ሦስተኛዋ የበኩር ልጄ ናት፤ በዚያ ዓመት ወልድያ የመጨረሻ ዓመት የእጽዋት ሳይንስ ተማሪ ነበረች። አራተኛው የነፍስ አባታችን ናቸው። አምስተኛዋ ከሱቄ ቀጥሎ አረቄ የምትሸጠው ጎረቤታችን ናት። ዘመኑ ተማሪውም ገበሬውም አንድ ለአምስት፣ ስድስት ስድስት እየሆነ፣ የሚደራጅበት ስለነበር ልጄ ኋላ ላይ፣ "አንድ ሰው ቢጨመርልን ኖሮ ሪፖርት ይጻፍልን ነበር" እያለች ትስቅ ነበር።

ስለ ጎረቤቴ አስቀድሜ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። እኔ አረቄ አልወድም። የጠጪ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ብየዳ አይዝም። ይህንን ለልጆቼም ለደንበኞቼም ሳልሰለች ነግሬያለሁ። በእድር ስብሰባም ቆሜ አረቄ ቤቱ ከሰፈራችን ይነሳ ብያለሁ። አልተነሳም። ከዚያ ወዲህ እኔና ሴትዮዋ "እንደምን አደርሽ"፣ "እንደምን አደሩ" ከመባባል አልፈን አናውቅም ነበር።

ልጄ በሁዳዴ እረፍት ወደ ቤት መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏ ገብስን ስለሚመታው ዋግ ነበር። ፍላቂት ድረስ ወጥታ በብርድ ከማሳ ማሳ እየዞረች ቅጠል ስትቆጥር ከርማለች። ጽሑፉን ረቡዕ ለአማካሪዋ ካላስረከበች ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ልትጠብቅ ነው። ጽሑፉ ያለው ደግሞ አንዲት ትንሽ ላፕቶፕ ውስጥ ነበር። ፍላሿን የፎቶ ኮፒ ቤት ቫይረስ በልቶባታል። እኔም፣ "ሁለት ቦታ ያልተቀመጠ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል" ብዬ ተቆጥቻታለሁ። ተቆጣሁ እንጂ ሌላ ፍላሽ ገዝቼ አልሰጠኋትም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የነፍስ አባታችን ቤታችንን ጠበል ሊረጩ መጡ። መብራት ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረው ገና መምጣቱ ስለነበር ላፕቶፗ ጠረጴዛ ላይ ተከፍታ፣ ቻርጅ ላይ ተሰክታ ትሠራ ነበር። እኛ ነጠላችንን አጣፍተን ቆመናል። ማዕዘኑን፣ አልጋውን፣ የእህሉን ጎታ እየረጩ ዞረው ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"ዲግሪ የምታመጣልሽ ይህቺ ናት?"

"አዎ አባ" አለች ልጄ።

"እንግዲያማ ለእሷ ጨመር እናድርግላት" አሉና በእፍኛቸው ሞልተው ቸለሱባት።

በጸሎት መሀል ዕቃ ማንሳት በእኛ ቤት ነውር ነው። ልጄ እኔን አየችኝ፣ እኔ እናቷን አየሁ፣ እናቷ ዓይኗን ጨፍና አሜን ትላለች። ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። ስክሪኑ ድርግም አለ።

"ተኛች?" አሉ አባ።

"ሞተች አባ" አለች ልጄ።

"ጠበል የነካው አይሞትም!" አለች ባለቤቴ።

እኔ ቻርጀሩን ነቅዬ፣ ላፕቶፗን ገልብጬ ይዤ ወደ ሱቅ ሮጥኩ። ሌላ ላፕቶፕ ቢሆን ኖሮ ሃርድ ዲስኩን ፈትቼ ጽሑፉን በሌላ ኮምፒውተር አወጣላት ነበር። የዚህችኛዋ ማስቀመጫ ግን እዚያው ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ቦርዱ ካልተነሳ ጽሑፉ የለም፣ ጽሑፉ ከሌለ ምርቃቱ የለም። ይህን ስነግራት ልጄ አላለቀሰችም። እጅጌዋን ሰብስባ ብሎኖቹን እየፈታች በየተራቸው መደርደር ጀመረች። ልጅን የሚያሳድገው ሥራ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ባትሪውን ነቅለን ቦርዱን አወጣን። ጠርሙስ ውስጥ በቀረችኝ ትንሽ አልኮል አጥበን ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ሲደርቅ ለካሁት። የቴስተሩን አንድ እግር እኛ ጠጋኞች 'መሬት' በምንለው የቦርዱ መመለሻ መስመር ላይ፣ ሌላውን ሦስት ቮልት በሚሄድበት መስመር ላይ ሳሳርፍ ቴስተሩ ጢጥ ብሎ ጮኸ፣ አላቆምም አለ። ሾርት ነው፤ መብራቱ ሥራ ሳይሠራ ወደ መሬት እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። በዚያ መስመር ላይ ግን የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ካፓሲተሮች እንደ ጉድ ተደርድረዋል። አንዷ ናት ያበላሸችው። የትኛዋ?

እኔ ትልቁን አይሲ፣ ጥቁሩን ቺፕ፣ ጠረጠርኩ። ጠርጥሬም አልቀረሁ፣ ላነሳው ብየዳ በትኩስ አየር የሚያቀልጠውን ሆት ኤር አበራሁ።

"አባዬ" አለች ልጄ፣ ከራሴ በላይ የሰቀልኩትን ጽሑፍ እያሳየችኝ፤ "'ያልለካኸውን አትንካ' ብሎ የለጠፈው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እኮ!"

ሆት ኤሩን አጠፋሁት።

ለእንዲህ ያለው ችግር አንድ ዘዴ አለ። በሾርቱ መስመር መጠነኛ ኃይል ይለቀቅበታል፤ የተበላሸችው ካፓሲተር ብቻዋን ትሞቃለች። ቦርዱ በአልኮል ከረጠበ መጀመሪያ የሚደርቀው እሷ ያለችበት ነው። ችግሩ አልኮሉን አጥበንበት ጨርሰነዋል። መድኃኒት ቤቱ እሑድ ዝግ ነው። ቤንዚን በከተማው ከጠፋ ሰንብቷል። መብራቱም መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።

"አረቄስ አይሆንም?" አለች ባለቤቴ ከበሩ ላይ።

ባዶውን የአልኮል ጠርሙስ ወደ ጎን ገፋሁት።

"ማን ይሂድ?" አለች ልጄ።

"ሴት ልጄን አረቄ ቤት አልልክም" አልኩ።

"እኔ ደግሞ የቄስ ልጅ ነኝ" አለች ባለቤቴ።

ስለዚህ ሄድኩ። በእሑድ ቀን፣ በሁዳዴ ጾም፣ ሰው ከቅዳሴ ተመልሶ ደጁ ላይ በተቀመጠበት ሰዓት። ጎረቤቴ መደብ ላይ ተቀምጣ ጌሾ ትለቅማለች።

"ምን እግር ጣለዎት ጋሼ? እድሩ ሊያስነሳኝ ወሰነ?"

"አይደለም። አረቄ ልገዛ ነው።"

የያዘችው ጌሾ ከእጇ ወደቀ። "ለማን?"

"ለቦርድ። ለልጄ ላፕቶፕ።"

"ብዙ ሰበብ ሰምቻለሁ" አለች፤ "ለጥርስ፣ ለሆድ፣ ለብርድ። ላፕቶፕን ያመጡት እርስዎ ነዎት።"

"ቶሎ የሚተነው የትኛው ነው?"

አሁን ቁም ነገሬ መሆኑን አየች። "ዳግሙ ነዋ፣ ሁለቴ የወጣው። መዳፍዎን ያምጡ" ብላ ጠብ አደረገችልኝ። ከመዳፌ ላይ ወዲያው ጠፋ። በትንሽ ጠርሙስ ቀዳችልኝና ነጠላዋን አንስታ ተከተለችኝ። "ሲጠጣው ሳላይማ አልቀርም!"

ጠርሙሱን ይዤ ስገባ የነፍስ አባታችን ሱቄ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጠርሙሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከኋላዬ ያለችውን ሴትዮ አዩ።

"ልጄ፣ ኀዘን ወደዚህ ሊወስድህ አይገባም ነበር" አሉኝ በርኅራኄ።

"የሚጠጣው ቦርዱ ነው አባ" አለች ልጄ።

አረቄውን በብሩሽ ቀባነው። ሁለቱን ሽቦዎች ያዝኩ፣ ኃይሉን ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። ሱቁ በአረቄ ሽታ ታጠነ። አምስታችንም አንድ መዳፍ በማታህል ቦርድ ላይ አንገታችንን ደፋን። የእኔ ዓይን በመነጽርም አልረዳኝም።

"እዚህ!" አለች ልጄ። "ከኪቦርዱ መሰኪያ አጠገብ! ነጭ ሆነች፣ ደረቀች!"

ደግመን ቀባን። ያችው ናት ቀድማ የደረቀችው። ትልቁ አይሲ፣ ልነቅለው የነበረው፣ ርጥብ እንደሆነ ተቀምጧል። ካፓሲተሯን አነሳሁ፤ በዚያ መስመር አንዷ ብትጎድል ጎረቤቶቿ ይሸፍኑላታል። ቴስተሩን አሳረፍኩ። ዝም አለ። ከዚያ ዝምታ የሚበልጥ ዜማ እኔ አላውቅም።

ገጠምናት፣ ልጄ አበራቻት። መብራቱ መጣ፣ ስክሪኑ መጣ፣ "የገብስ ዋግ" የሚለው ርዕስ መጣ። ጎረቤታችን እልልታዋን አቀለጠችው። ባለቤቴ ልጄን አቅፋ ታለቅሳለች፣ ልጄ ትስቃለች። እኔ፣ "መጀመሪያ ኮፒ ይደረግ!" እያልኩ እጮሃለሁ፣ የሚሰማኝ የለም።

ከዚያ አባ፣ "ለመሆኑ ምን አግኝቷት ነው?" ብለው ጠየቁ።

ባለቤቴ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ገብቶኛል። ነገር ግን ልጅ ፊት የተሸፈነ እውነት ነገ በልጅ አፍ ውሸት ሆኖ ይመጣል።

"ያበላሻት ውሃው ነው አባ። ጸሎቱ አይደለም። ኤሌክትሪክ የተባረከውን ውሃ ካልተባረከው አይለይም።"

ጢማቸውን ያዙ። ባለቤቴ መሬቱን ታያለች።

"እኔው ነኝ ያበዛሁት" አሉ በመጨረሻ። "ጠበል ለሰው ነው። ከእንግዲህ ለልጅቷ እረጫለሁ፣ ለማሽኗ መስቀል ይበቃታል።"

"እንግዲህ ጠበል የገደለውን አረቄ አዳነው በሉ!" አለች ጎረቤታችን።

"ዝም በይ እቴ!" አለች ባለቤቴ፣ እየሳቀች ግን።

"ይህችን ነገር ከዚህ ቤት ውጭ የሰማኋት እንደሆነ ስግደት ነው የምሰጥሽ" አሏት አባ ጎረቤታችንን፣ እሳቸውም ትከሻቸው በሳቅ እየተንቀጠቀጠ።

ልጄ ረቡዕ አስረከበች፣ ከጓደኞቿም ጋር ተመረቀች። አረቄ ዛሬም አልጠጣም፣ የሚጠጣም አልወድም። አረቄ ቤቱ ይነሳ ብዬ በእድሩ ያቀረብኩትን ሐሳብ ግን በሚቀጥለው ስብሰባ ራሴ ቆሜ ይሰረዝ አልኩ። ያን ዕለት አረቄው አሥራ አምስት ብር ነበር፤ አባ ካልከፈልኩ ብለው ከፈሉ። ወዲያው ወጥቼ የገዛሁት አዲስ ፍላሽ መቶ አርባ ብር፣ ባለቤቴ ለአምስታችን ያስመጣችው ለስላሳ ሃምሳ ብር። ለሁላችንም በድምሩ ሁለት መቶ አምስት ብር።