በበጋ ብቻ የምትስቅ ከተማ

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን «በሌሊት ወጣሁ» ብሎ ይጀምራል። እኔ ከዚያች የግሪክ ከተማ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ከምሳ በኋላ፣ ሰዉ ሁሉ መስኮቱን ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት። አውቶቡስ መቆሚያው ላይ እኔና አንድ ውሻ ብቻ ነበርን። የከተማዋን ስም አልጽፍላችሁም፤ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ «ውይ ስታምር» እንድትሉ አልፈልግም። ታምራለች፣ አልክድም። የጠላኋትም ከነውበቷ ነው።

እዚያ የደረስኩት ከሱዳን በአቴንስ በኩል ነው። ሥራዬ ኪርያ ፎቲኒ የሚባሉ አሮጊት ማስታመም ነበር፤ ኪርያ እኛ ወይዘሮ እንደምንለው ነው። ልጃቸው ስታቭሮስ ከባሕሩ ፊት ለፊት ሆቴል ነበረው። እኔ የምተኛው ከደረጃው ሥር፣ ከፀሐይ ጃንጥላዎቹ ጋር ነው። ጃንጥላዎቹ በበጋ ይወጣሉ፤ እኔ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነኝ።

የከተማዋን ታሪክ የነገሩኝ አሮጊቷ ናቸው፣ እግራቸውን ሳሽላቸው። ድሮ ረግረግና ወባ ብቻ ነበር አሉ። ከባሕሩ ማዶ፣ ከቱርክ አገር የተባረሩ ግሪኮች በጀልባ መጥተው አሸዋው ላይ ድንኳን ተከሉ። የኪርያ ፎቲኒ እናትም እሳቸውን በሆዷ ይዛ ከእነሱ ጋር ወረደች። ኮረብታው ላይ የሚኖሩት ነባሮች ግን «የቱርክ ዘር» እያሉ ከጉድጓዳቸው ውኃ ከለከሏቸው። ስደተኞቹ ረግረጉን አደረቁ፣ ዓሣ አጠመዱ፣ ቤት ሠሩ። ኋላ ፈረንጅ ለዋና መምጣት ሲጀምር የዓሣ አጥማጁ ቤት ምግብ ቤት ሆነ። ድንኳን የተተከለበት አሸዋም የፀሐይ መሞቂያ አልጋ ተደርድሮበት በሰዓት ይከራይ ጀመር።

እንግዲህ ስደተኛ የቆረቆራት ከተማ የስደተኛ ሆድ ታውቃለች ትላላችሁ። እኔም ብዬ ነበር። ሰዎቿ በበጋ ለጀርመኑና ለእንግሊዙ ድዳቸው እስኪታይ ይስቃሉ። ብርዱ ሲገባ ወንበሩን ገልብጠው፣ መዝጊያውን ቀርቅረው፣ እርስ በርሳቸው እንኳ ሰላምታ ይሰስታሉ። ዳቦ ቤት ከኋላዬ የመጣው ሁሉ ቀድሞኝ ይገዛ ነበር። ትኩሳት ይዞኝ ስተኛ ደጄን ያንኳኳ የለም። እኛ ጋ ቢሆን ገና ሳያስነጥስህ አጥሚት ይዞ የሚመጣ ጎረቤት አለ።

አንድ ቀን፣ ሆቴሉ በእንግዳ ጢም ባለበት ወር፣ ኪርያ ፎቲኒ «ባሕሩን በእግሬ ልንካው፣ ከዚህ በኋላ አልደርስበትም» አሉኝ። በተሽከርካሪ ወንበራቸው እየገፋኋቸው በአልጋዎቹ መሀል አለፍኩ። ስታቭሮስ እየሮጠ መጣ።

«እዚህ አይሆንም» አለኝ። «እንግዶች አሉ።»

«እናትዎ ናቸው እኮ።»

«እናቴን አላልኩም» አለና ትንሽ አሰበ። «ለነገሩ ሁለታችሁም። ከአለቱ ወዲያ ሂዱ፣ እዚያም ያው ባሕር ነው።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩት። «እናቴ የወረደችው እዚህ ላይ ነው» አሉት።

ጫማቸውን አውልቄ እግራቸውን ውኃው ውስጥ ከተትኩላቸው። እሳቸው ያለቅሳሉ፣ ልጃቸው አጠገባችን ቆሞ ለእንግዶቹ ፈገግ ይላል። በማግስቱ አባረረኝ። እንድሰናበታቸው ብለምነው «ተኝታለች» አለኝ። በሩ ግን ከውጭ ተቆልፎ ነበር፤ ከውስጥ ስሜን ሲጠሩ እሰማለሁ።

ከዚያ አቴንስ፣ ከዚያ በስደተኛ ፕሮግራም አሜሪካ፣ ዴንቨር። ዛሬ እዚያው አጠገብ አውሮራ ቤት አለን፤ ባለቤቴ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፣ እኔ ሊትልተን አንድ ሽማግሌ እንከባከባለሁ። በረዶውም ሰዉም እንደ ልቤ ነው አልላችሁም፣ ግን በፊት በር ነው የምገባው።

እዚሁ የተወለደችው ልጄ ቤዛ ዘንድሮ ኮሌጅ ጨረሰች። አንድ ቀን ስልኳን ይዛ መጣችና የዚያችን ከተማ ፎቶ አሳየችኝ።

«ማሚ፣ ሰርፕራይዝ። ትኬቱን ቡክ አድርጌዋለሁ። የኖርሽበትን ባሕር አብረን እናያለን።»

«አልኖርኩበትም። ተገፋሁበት።»

«ኦኬ፣ ባት ዛት ዋዝ ሎንግ አጎ።»

«ላንቺ ነው ሎንግ አጎ። እኔ አልሄድም።»

ተኮራረፍን። በኔ ቦታ ጓደኛዋን ይዛ ሄደች።

በሄደች በሦስተኛው ቀን፣ ሊትልተን ደርሼ መኪናዬን ፓርክ እንዳደረግኩ ደወለች። «ሰዎቹ በጣም ናይስ ናቸው» አለችኝ።

«የአሜሪካ ፓስፖርት ስለያዝሽ ነው።»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ማሚ፣ ፎጣ የምታመጣልን ልጅ ሐበሻ ናት። ሰላም ስላት መጀመሪያ ወደ በሩ አየች። አሁን እዚህ አጠገቤ ናት» አለች።

«አገናኚኝ።»

ቀጭን ድምፅ መጣ። «እትዬ፣ ደኅና ነዎት? ቶሎ ይበሉ፣ ይጠሩኛል።»

«የት ነው የሚያስተኙሽ?»

ከጀርባዋ የወንድ ድምፅ በግሪክኛ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው? ነይ ውረጂ» ሲል ሰማሁ። ስንት ዓመት ያልተናገርኩት ግሪክኛ ሳይጠራ ከች አለ፤ ስድቡም፣ እርግማኑም ምላሴ ጫፍ ላይ ተደረደረ። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር፣ ብናገር ይሰማኛል። ግን የምትባረረው እሷ ናት። ጥርሴን ነከስኩ።

«ቁጥሬን ከልጄ ውሰጂ» አልኳት በአማርኛ። «ሲከፋሽ ደውዪ። ሳይከፋሽም ደውዪ።»

«እሺ፣ እትዬ» አለች፤ እርምጃዋ ሲርቅ ተሰማኝ።

ቤዛ ተመልሳለች። «ቁጥሩን ለልጅቷ ሰጥቻታለሁ፣ ካልሲዋ ውስጥ ከተተችው» አለችኝ። ያን ቀን ሳልጠይቃት ዕቃ አጠበች።

ድሮ የማላውቀውን ቁጥር አላነሳም ነበር። አሁን አንድም አያመልጠኝም። የመኪና ዋስትና የሚሸጡት፣ «ቤትሽን እንግዛሽ» የሚሉት፣ ሁሉም ድምፄን ለምደውታል። ሥራ ላይም ብሆን፣ መንገድ ላይም ብሆን ስልኩን እከፍትና መጀመሪያ በአማርኛ «አቤት፣ ልጄ» እላለሁ። ከዚያ ትንሽ እጠብቃለሁ።