ብስክሌቱን ማልበስ

ስቲከር ከሚለጠፍባቸው ነገሮች ሁሉ እንደ ብስክሌት የሚያናድድ የለም። የሚኒባስ በር ጠፍጣፋ ነው፤ የሳሙና ውሃ ረጭቶ፣ ስቲከሩን አሳርፎ፣ ሂሳቡ ባለቀ የስልክ ካርድ ከመሃል ወደ ዳር እየገፉ አየሩን ማስወጣት ነው። የብስክሌት ቱቦ ግን ክብ ነው። ቱቦ ከቱቦ በሚጋጠምበት ቦታ ደግሞ ስቲከሩ ይሸበሸባል፣ ይነሳል፣ አየር ይይዛል። ይህን የማውቀው አንዱን ብስክሌት ሰባት ጊዜ ስቲከር ስላለበስኩ ነው።

ከተማው ለሚሊኒየሙ ሽር ጉድ በሚልበት ዓመት ኦሎምፒያ አጠገብ አንድ ስቲከር ቤት እሠራ ነበር። ጠዋት የአባቴን ፊት አጥቤ፣ ቁርሱን አብልቼው እወጣለሁ። ምሳ ሰዓት ካዛንቺስ ወዳለው የቀበሌ ቤታችን ሮጬ አበላውና ሮጬ እመለሳለሁ። ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ከያዘው ሦስት ዓመቱ ነበር። እናቴ ቀደም ብላ አርፋለች፤ እህቴ አግብታ ገርጂ ትኖራለች፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ከመስቀል አደባባይ ወዲያ መቼ እንደሄድኩ እንኳ ማስታወስ ያቅተኝ ነበር።

ዐቢይ ጾም እንደገባ አለቃዬ ሐዋሳ ቅርንጫፍ ሊከፍት መሆኑን ነገረኝና «ከፋሲካ በኋላ አንቺ ሂጂና ያዥው» አለኝ። ለእህቴ ነገርኳት። «አባዬን እኔ እወስደዋለሁ፤ አንቺም ኑሪ እንጂ» አለች። የቀረው የአባቴ እሺታ ነበር።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሹም ነበር። ደብዳቤ ውስጥ አንዲት ፊደል ከተሳሳተች በእርሳስ ይከባትና ዳር ላይ «ይታረም» ብሎ ጽፎ ይመልሳል፤ ታይፒስቶቹ እንደ እሳት ይፈሩት ነበር አሉ። የሐዋሳውን ነገር ስነግረው እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ወደቆመው ብስክሌቱ በግራ እጁ ጠቆመ። ሃያ ዓመት ሥራ የተመላለሰበት ነው። ቀለሙ ተላጦ ዝጓል።

«አማቼ ቤት ዝገት እየጎተትኩ አልገባም» አለ። «እሱን አልብሺልኝና እሄዳለሁ።»

«እሺ አባዬ» አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ የአንድ ቀን ሥራ መስሎኝ።

አለቃዬ ከጥቅል የተረፈ ወይን ጠጅ ቀለም ስቲከር ሰጠኝ። እሁድ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ በቤንዚን ጠርጌ፣ ስቲከሩን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅኩ አለበስኩት። አባቴን ወንበር ላይ አስቀምጬ አሳየሁት። አውራ ጣቱን ቱቦው ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደ፤ ከኮርቻው ሥር ሲደርስ ቆመ። እርሳስ አምጪ አለኝ። በሚንቀጠቀጠው ግራ እጁ የምስር ፍሬ የምታክል አየር ከበበ።

«ይታረም።»

«በመርፌ ብወጋት እኮ ትወጣለች። እኛም ሱቅ የምንሠራው እንደዚያ ነው።»

«የተወጋ የተወጋ ነው። አንሺውና እንደገና ሥሪው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።»

አንስቼ እንደገና ሠራሁት። በሚቀጥለው እሁድ መሪው ሥር ከበበ፤ ከዚያ በኋላ ባለው እሁድ ፔዳሉ አጠገብ። በአራተኛው እሁድ ነገሩ ገባኝ። መሄድ አይፈልግም፤ እኔም እንድሄድ አይፈልግም፤ ይህንን በአፉ ከሚናገር በእርሳስ መናገር ይቀለዋል። ማድረቂያውን ወለሉ ላይ ወረወርኩት።

«የማትሄድ ከሆነ በቃ ንገረኝና ልወቀው!»

እራቱን ሳጎርሰው ዓይኑን አላየሁም። በማግስቱ አለቃዬ ሻንጣ አዘጋጅቼ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ብስክሌት እየጨረስኩ ነው ብዬ ሳቅኩ። የማንቀው ሰው ፈልጌ ያጣሁበት ሳምንት ነበር።

በሆሳዕና ለስድስተኛ ጊዜ አለበስኩት። አባቴ ጣቱ ላይ ያደረግኩለት የዘንባባ ቀለበት እየተንኮሻኮሸ ከመሪው እስከ ኋላ ጎማው ድረስ ዳሰሰው፤ ተመልሶም ዳሰሰው። እርሳስ ጠየቀኝ። ከኮርቻው ሥር፣ መጀመሪያ በከበበበት ቦታ ላይ፣ አጭር ፊርማውን አኖረ።

«ጥሩ ነው» አለ። «ለእህትሽ ደውይላትና ትውሰደኝ። ብዙ አቆየሁሽ።»

አልጋው ላይ አጋደምኩት፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ስልኩን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። መደሰት ነበረብኝ፤ አልተደሰትኩም። ሦስት ዓመት ሙሉ ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ አባቴ ነበር። ሰርግ ስጠራ አባቴ፤ ማታ ትምህርት ለምን አትጀምሪም ስባል አባቴ፤ አንድ ደህና ሰው ላግባሽ ሲለኝም አባቴ። ሐዋሳ ሄጄ ማንን ምክንያት አደርጋለሁ? ፈራሁ። እውነቱ ይኸው ነው፣ በሩ ሲከፈት ፈራሁ።

እርሳሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከፊት ጎማው በላይ፣ አንዳች አየር በሌለበት ቦታ፣ ትንሽ ክብ አደረግኩ።

ሲነቃ ደግፌ አስቀመጥኩት፤ ዓይኑ ወዲያው ክቡ ላይ አረፈ። የእሱ ክቦች የተንቀጠቀጡ፣ ጫፍና ጫፋቸው የማይገጥም ነበሩ። የኔው ቁልጭ ያለ ክብ ነበር። አውራ ጣቱን አስኬደበት። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ለእህትሽ ደወልሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።

«ይታረም» አለ ቀስ ብሎ።

ማድረቂያውን ላመጣ ተነሳሁ።