ቦርከናን የተሻገርኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ደጃፋችን ላይ የልጅ ልጄን ውሻ ነከሰው። ጫማዬን በቅጡ ሳላደርግ በሚኒባስ ይዤው ደሴ በረርኩ። ክንዱን ተወግቶ ሲወጣ ማስቲካ ያኝካል፤ እኔ ግን የራሴን ቀን አስታወስኩ።

እኔ የተነከስኩት በአስራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከአጎቴ ልጅ ከዘሃራ ጋር፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ውሻ። የመስከረም እሸት ልንቆርጥ በቆሎው ውስጥ ስንገባ ያበደ ውሻ ለሃጩን እያዝረበረበ መጣ። እኔን ባቴን፣ እሷን ጉንጯን።

የሰፈሩ መድኃኒተኛ ሥር ቀጥቅጦ አጠጣንና፣ "አርባ ቀን ወንዝ እንዳትሻገሩ፤ መድኃኒቱ ይከሽፋል" አለ። መርፌው ያለው ደሴ፣ መሃል ላይ ደግሞ የቦርከና ወንዝ!

አባዬ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። በሦስተኛው ቀን፣ "ተነሽ፣ አላህ ያውቃል" አሉኝ። አጎቴ በሩ ላይ ቆሙ።

"አንተ ሰው፣ ልጅህን ልትገድላት ነው?"

"ዘሃራንም ስጠኝ፣ አብሬ ልውሰዳት።"

"ወላሂ አትሻገርም!"

ዘሃራ ጉንጯን በሻሽ ሸፍና፣ "ከረሜላ አምጪልኝ" አለችኝ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ዓይኔን ጨፍኜ ሞቴን ጠበቅኩ።

ደሴ ሆስፒታል ድሬሰሩ ሆዴን ወጋኝና ለአባዬ አስረዳቸው። "መርፌው በሽታውን አይገድልም። የሞተ ቫይረስ ለሰውነቷ ያሳያል። ነጭ የደም ሴሎቿ ለይተው ሲያውቁት ነው በሽታውን የሚዋጋ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩት፤ ይህም ቀናት ይፈጃል። በሽታው ደግሞ ከባቷ በነርቭ በኩል ወደ አንጎሏ ይሄዳል። እንግዲህ የቀደመው ነው የሚያሸንፈው።"

"ጉንጭ ላይ ከሆነስ?" አሉ አባዬ።

መርፌውን አስቀመጠ። "ለአንጎል ቅርብ ነው። ዛሬውኑ አምጧት።"

አባዬ ተመልሰው አጎቴን እግራቸው ላይ ወድቀው ለመኗቸው። አጎቴ እምቢ አሉ። እኔ በየቀኑ ስወጋ ሰነበትኩ። በሽታው የያዘው ሰው ውሃ መዋጥ ያቅተዋል ሲባል ሰምቼ፣ በየጠዋቱ ከሁሉ በፊት ውሃ እጎነጫለሁ፤ ጉሮሮዬ ይቀበለው እንደሆነ ለማየት። ምን ያህል እንደፈራሁ ዛሬም መናገር ያቅተኛል።

ወሩ ሳይሞላ ዘሃራ ውሃ ሲያቀርቡላት ጮኸች። በአራተኛው ቀን ቀበርናት። አጎቴ በለቀስተኛው ፊት፣ "ወንዝ ተሻግራ መድኃኒቱን አክሽፋ ልጄን ያስበላቻት ይቺ ናት" አሉ። እኔም አመንኳቸው። ስንት ዓመት አመንኳቸው!

ትናንት አጎቴ በከዘራ እየተደገፉ መጡ። ዓይናቸው ደክሟል። የልጁን ክንድ ዳሰሱት።

"አሻገርሽው?"

"አሻገርኩት፣ አጎቴ። በዚያው ቀን።"

"ደግ አደረግሽ" አሉ። ከዚያ እጃቸው ከልጁ ክንድ ወደ ጉንጩ ወጣ፤ እዚያው ቆየ። "ያን ጊዜም ደግ አድርገሽ ነበር" አሉኝ።