ለቦርሳዬ ብዬ የታጠቅኩት ነጠላ

ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ከነቀምት ሶዶ በመጣሁበት ዓመት፣ የቤት አከራዬ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ በዓል፣ ሜዳ ላይ ወደተደገሰ ሙዚቃ ይዛኝ ሄደች። መግቢያው የአንድ ብርጭቆ ሻይ ዋጋ ስለነበር በገንዘብ ማመካኘት አልቻልኩም።

“እሄዳለሁ እንጂ አልጨፍርም” አልኳት። በቤተ ክርስቲያን አብረውኝ ከሚዘምሩት ግማሾቹ እዚያ ስለሚገኙ ስሜን መጠበቅ ነበረብኝ።

ሌባ እንዳይወስድብኝ ቦርሳዬን ሆዴ ላይ አድርጌ፣ በነጠላዬ ወገቤን ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ። ከበሮው ሲጀምር አንዲት ሸንኮራ የሚመጥጡ እናት አዩኝና ጮኹ።

“ይቺ ታጥቃ ነው የመጣችው! መንገድ ልቀቁላት!”

“እማማ፣ ለቦርሳዬ ነው።”

“ሁሉም መጀመሪያ ምክንያት አያጣም” ብለው ገፍተው ጨፋሪዎቹ መሀል ጣሉኝ።

እንደ ምሰሶ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ቦርሳው ግን ነጠላው ውስጥ ቁልቁል መንሸራተት ጀመረ። በእጄ እንዳልይዘው ለሌባ ማሳየት ሆነብኝ። በወገቤ ወደ ግራ ስመልሰው ወደ ቀኝ ሸሸ፤ ወደ ቀኝ ስከተለው ወደ ኋላ ዞረ። ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። አከራዬማ በሳቅ ብዛት እንባዋን ትጠርግ ነበር።

እሁድ የመዘምራኑ ሰብሳቢ ጠሩኝ። ልባረር ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ቀረብኩ።

“እህት፣ ሜዳው ላይ አይቼሻለሁ” አሉኝ። “ታዲያ ለጌታ ስትዘምሪ ለምንድነው እንደ እንጨት የምትቆሚው? ወገብሽ የሚያምሽ እዚህ ስትመጪ ብቻ ነው?”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦርሳዬን ሳላስር ዘምሬ አላውቅም።