ትርንጎና የባለቤቴ ፈትል

ትርንጎ የሟች ባለቤቴን ፈትል ሳትጠይቀኝ ለሰው ሰጥታብኛለች። መጀመሪያ ይህ ይታወቅ። ሞተች ብዬ አለሳልሼ አልጽፍም።

ዛሬ ጠዋት መርዶውን ሲነግሩኝ ግን «ውሸት ነው» አልሁ። ሰኞ ዕለት እኮ በዕብራይስጥ ማትናስ በሚሉት የሰፈሩ የሕዝብ ማእከል ተቀምጣ ክር ስትጠቀልል አይቻታለሁ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ሰፈሯ ወደ ራማት የዲዲም ሄድሁ። ከሕንፃዋ በር ላይ የቆመውን ለቀስተኛ ሳይ ነው ያመንሁት። ከሰዓት በኋላ ቀበርናት።

ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። ፊደልም ሆነ ኮምፒዩተር ያስተማረኝ የለም፤ እያየሁ ነው የለመድሁት።

ለማታውቋት፣ ትርንጎ እዚህ ነታንያ ከተማ ከአገር ቤት የመጡትን የእኛን ሴቶች ሰብስባ በየሰኞው ማትናስ ውስጥ ሹራብና ኪሮሽ የምታሠራ ሴት ነበረች። የሚሠራው ሁሉ ይሰጣል። ኮፍያው ለወታደሮች፣ ሻርፑ ለአረጋውያን ቤት፣ ትንንሹ ብርድ ልብስ ቀናቸው ሳይደርስ ተወልደው ሆስፒታል ለተኙ ሕፃናት።

እኔ በአገሬ ሸማኔ ነበርሁ። ባለቤቴ እናትነሽ ካረፈች በኋላ ቤት መዋል ከበደኝና ሄድሁ። ወንድ እኔ ብቻ ነበርሁ። ትርንጎ በሩ ላይ ስታየኝ ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«ሸማኔ መጣላችሁ! የማትናሱን ወለል ቆፍረን የእግር ጉድጓድ እናውጣለት እንዴ?»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ተቀምጬ እጃቸውን አየሁና ኪሮሹን ያዝሁ።

የመጀመሪያ ሥራዬን አንሥታ ጎተት ጎተት አደረገችው። «አያ ተገኘ፣ ይኼ ብርድ ልብስ ነው ወይስ ሰሌን? ሕፃን ነው የሚጠቀለልበት፣ እህል አይሰጣበትም።»

የሸማኔ እጅ ማጥበቅ ነው የሚያውቅ። ፈትቼ አላልቼ ሠራሁት። በዚያ ልክ ነበረች።

አንድ ሕግ ነበራት። «ጠረጴዛ ላይ ያረፈ የሰው ነው» ትል ነበር። ሰኞ ሲመሽ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ ሰብስባ ወደሚሰጠው ከረጢት ትከተዋለች። ለቤትህ የምትሠራው ካለ ከጉልበትህ ላይ አታውርደው ማለት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

እናትነሽ እስክትታመም ድረስ በረንዳችን ላይ ተቀምጣ እንዝርት ታሾር ነበር። የመጨረሻ ፈትሏን በኪሮሽ ሠራሁት። ትንሽ ልብስ ወጣው። ለማንም የተሠራ አልነበረም። ለማሳየት ብቻ ይዤው ሄድሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ሴቶቹ እየዳሰሱ «ወይ ቅጥነቱ! ወይ እጇ!» ሲሉ ስልኬ ጮኸ፤ ወጣ አልሁ። ስመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነው። ከረጢቱም ሄዷል።

«ትርንጎ፣ የእናትነሽ ፈትል የት አለ?»

«ጠረጴዛ ላይ ያረፈ የሰው ነው፣ አያ ተገኘ።»

«የእሷ መሆኑን እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ።»

ሂጂና አምጪልኝ አልኋት። በማግስቱ ሆስፒታል ድረስ ሄደች። ባዶ እጇን ተመለሰች።

«አየሁት። እፍኝ የማትሞላ ልጅ ተጠቅልላበታለች። አልጠየቅሁም። ከሕፃን ላይ ልብስ አይገፈፍም።»

ከዚያ ወዲያ በማትናስ ቃል አልተነጋገርንም። ቡድኑን ግን አልተውሁም። ለምን እተዋለሁ? ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም። በመካከላችን አዝመራ የምትባል ጎረቤቷ ትቀመጣለች።

«አዝመራ፣ ነጭ ክር አልቋል፣ እሱ ጋ ያለውን ያቀብል በይው።»

«አዝመራ፣ ሰምቻለሁ በያት።»

አንድ ቀን አዝመራ «እኔ ስልክ ነኝ እንዴ? ሁለታችሁም ጆሮ አላችሁ!» ብላ መርፌዋን ጥላ ሄደች። ያን ዕለት ያለ ነጭ ክር ዋልን።

በየዓመቱ በአስተሰርዮ ዋዜማ፣ ሰው ከጾሙ በፊት ሲታረቅ፣ ትርንጎ ደረጃውን ወጥታ ቤቴ ትመጣ ነበር። አትቀመጥም።

«አያ ተገኘ፣ በክፉ ቃል፣ በሐሜት፣ በማላውቀውም የበደልሁህ ካለ ይቅር በለኝ። በዚያ ልብስ ግን ይቅርታ አልልህም። ያልተጸጸትሁበትን ተጸጸትሁ ብዬ ወደ ጾም አልገባም።»

«በሌላው ይቅር ብዬሻለሁ» እላታለሁ።

«እግዚአብሔር ያክብርህ» ብላ ትወርዳለች። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ። እኔ አንድ ቀን ትለዋለች ብዬ እጠብቅ ነበር። ጉልበቷ ደክሞ ደረጃውን በየፎቁ እያረፈች ስትወጣ እንኳ እሰማትና፣ ዘንድሮ ትለዋለች እል ነበር። አላለችም።

ዛሬ መቃብሩ አፍ ላይ ልጇ ቆመች። «እናቴን የተቀየማችሁ ካላችሁ ይቅር በሏት» ብላ አለቀሰች። ሰዉ ሁሉ «ይቅር ብለናል» አለ። እኔ ዝም አልሁ። ዞረው አዩኝ። አዝመራ ክንዴን ያዘችና «በል እንጂ አያ ተገኘ፣ አሁንስ አፈር ልትገባ ነው» አለችኝ።

አላልሁም። ልጅቱ በቂም እንዳታየው ነው ይህን የምጽፈው። እናትሽ ይህን ይቅርታ በሕይወቷ አልጠየቀችም። በየዓመቱ ደረጃ ወጥታ እንደማትጠይቀኝ ነግራኛለች። አፏ ሲዘጋ ጠብቄ፣ ጠየቀችኝና ሰጠኋት ብዬ አላዋርዳትም። እንደ ትርንጎ ያለች ሴት ለምና አትቀበርም።

አፈሩን ግን በእጄ መልሻለሁ።

ትርንጎ፣ ቃልሽን ሳታጥፊ ሄድሽ። የአብርሃም አምላክ ከደጋጎቹ ጋር ያስቀምጥሽ። እናትነሽን ስታገኚያት የፈትሉን ነገር ሁለታችሁ ጨርሱት፤ የእጇ ሥራ ነውና እሷ ትፍረድ። እኔ ከዛሬ ወዲያ ስለዚህ ነገር ከአፌ ቃል አይወጣም። ማንም አይጠይቀኝ።

ደህና ሁኚ።